ፍሪጅ ጋዝ አይበላም

ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ሲያቆም ከባለቤቱ አፍ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል ብዙ ጊዜ «ጋዙ አልቆ ነው» የሚል ነው። ጎረቤትም ያንኑ ይደግማል። የተጠራው ሰው ሲመጣ ብዙም ሳይቆይ ሲሊንደሩን አስጠግቶ ጋዝ ይሞላል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ፍሪጁ ለጥቂት ሳምንታት ደህና ይሠራል፤ ከዚያ ውስጡ ይሞቃል፣ ሰውየው ይጠራል፣ ጋዝ ይሞላል። በዚህ ሁሉ መሀል ያ ጋዝ የት እንደሚሄድ የሚጠይቅ አይገኝም።

መኪና ቤንዚን ያቃጥላል፤ የወጥ ቤት ምድጃም ከሲሊንደሩ የወጣውን ጋዝ አንድዶ ይጨርሳል። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ጋዝ ግን ፋብሪካ ውስጥ ከታሸገበት ቀን ጀምሮ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ሲዞር ይኖራል። እዚያ ውስጥ አይነድም፣ አያረጅም፣ አይበላም። ሃያ ዓመት የሠራ ፍሪጅ ቱቦው ካልተበሳ የመጀመሪያ ጋዙን እንደያዘ ይገኛል። ስለዚህ ጋዝ ጎደለ ከተባለ አንድ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ የሞላ ሰው ቀጣይ ቀጠሮውን ያዘ እንጂ ጥገና አላደረገም።

የማቀዝቀዣና የማሞቂያ ባለሙያ ሥራ ከውጭ ሲታይ ቱቦ መበየድና ጋዝ መሙላት ይመስላል። እነዚህ የሥራው የመጨረሻ ክፍል ናቸው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አያስፈልጉም። ከባዱ ክፍል ምርመራው ነው፤ ሙቀቱ ከየት ተነሥቶ የት ላይ እንደተያዘ ማወቅ።

ሙቀት የሚሄድበት መንገድ

የሸክላ እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው በገላው ላይ የሚወዛው እርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። ፍሪጅም በዚሁ ሕግ ይሠራል፤ ፈሳሽ ሲተን ከአካባቢው ሙቀት ይወስዳል። እንስራው ተንኖ የሄደውን ውሃ መልሶ አያገኘውም፤ ፍሪጁ ግን የተነነውን ሰብስቦ፣ ጨምቆ፣ እንደገና ፈሳሽ አድርጎ ይመልሰዋል።

ጨማቂው በተለምዶ ሞተር የምንለው ኮምፕረሰር ነው። ከታች በኩል ያለው ጥቁሩ ድብልብል ዕቃ እሱ ነው። ጋዙን ጨምቆ ትኩስ አድርጎ ወደ ኮንደንሰሩ ይልከዋል፤ በአሮጌዎቹ ፍሪጆች ከጀርባ የሚታየው ጥቁር ፍርግርግ፣ በአዲሶቹ ደግሞ በጎን ግድግዳው ውስጥ የተደበቀው ቱቦ ማለት ነው። እዚያ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር አስረክቦ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ ካፒላሪ በሚባል እንደ ክር በቀጠነ የመዳብ ቱቦ ተጨናንቆ ያልፍና ሰፊው የፍሪዘር ቱቦ ውስጥ ሲገባ ግፊቱ ድንገት ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ይተናል፣ ከሥጋውና ከወተቱም ሙቀቱን ይወስዳል። ከዚያ ወደ ኮምፕረሰሩ ይመለሳል።

የፍሪጅ ጎን ሲሞቅ ተበላሸ ብለው የሚደነግጡ ሰዎች አሉ። ያ ሙቀት ከምግቡ የወጣው ነው፤ ኮምፕረሰሩ ራሱ ያመነጨው ተጨምሮበት። መደንገጥ የሚገባው ኮምፕረሰሩ እየሠራ ጎኑ ጨርሶ ሳይሞቅ ሲቀር ነው፤ ምክንያቱም ያኔ የሚዞር ነገር የለም ወይም ሞተሩ መጭመቅ አቅቶታል። የፍሪጁን በር ከፍቶ ቤቱን ለማቀዝቀዝ የሚሞክር ሰውም በስተመጨረሻ ቤቱን ያሞቃል፤ ከፊት የተወሰደው ሙቀት በሙሉ ከነጭማሪው ከጀርባ ይወጣልና።

ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያደርገው

ጥሩ ባለሙያ ቤት ሲገባ መሣሪያ ከመክፈቱ በፊት ይጠይቃል። መቼ ጀመረ? መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ነው? ቦታ ቀይራችሁታል? በረዶ በቢላ ፈልቅቃችኋል? የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች፤ የፍሪዘር ቱቦ የሚበሳበት አንዱ ዋና ምክንያት ግን ያቺ ቢላ ናት። የብዙ ፍሪዘሮች ግድግዳ ስስ አሉሚኒየም ስለሆነ የቢላ ጫፍ በአንድ ምት ይበሳዋል።

ከዚያ ያዳምጣል። በየጥቂት ደቂቃው «ቀጭ» ብሎ የሚጠፋ ፍሪጅ የጋዝ ችግር የለበትም፤ ኮምፕረሰሩ ለመነሳት ሞክሮ አቅቶት መከላከያው እያጠፋው ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በጎኑ የተሰካችው ትንሿ ሪሌይ ወይም ካፓሲተሩ ነው፤ ዋጋቸው ከኮምፕረሰሩ ጋር አይወዳደርም። ከፍሪጁ ጀርባ ያለውን አቧራ ያያል፤ አቧራ የጠጣ ኮንደንሰር ሙቀቱን መጣል አይችልምና። የበሩን ላስቲክ ይፈትሻል፤ ለዚህ አንዲት ወረቀት በሩ ላይ ዘግቶ መሳብ በቂ ነው፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣች አየር ይገባል። ኖ ፍሮስት በሚባሉት ፍሪጆች ላይ ደግሞ የውስጡ ማራገቢያ መዞሩን፣ በረዶ የምታቀልጠው ማሞቂያ መሥራቷን ያረጋግጣል። ፍሪዘሩ እየቀዘቀዘ ታችኛው ክፍል ከሞቀ ሰበቡ አብዛኛውን ጊዜ የአየር መተላለፊያውን የዘጋ በረዶ ነው፤ ከጋዝ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ኮምፕረሰሩ ራሱ መቃጠሉን ለማወቅ መልቲሜትር ያስፈልጋል። በጎኑ ሦስት ጥርሶች አሉ፤ ኮመን፣ ስታርት፣ ራን ይባላሉ። ከኮመን ወደ ራን 12 ኦም፣ ከኮመን ወደ ስታርት 18 ኦም ቢያነብ፣ ከራን ወደ ስታርት 30 ኦም ማንበብ አለበት፤ ሁለቱ ተደምረው ሦስተኛውን ካልሰጡ የሞተሩ ሽቦ ጥቅል ውስጥ ችግር አለ። ከጥርሶቹ አንዱ ከብረት አካሉ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ፍሪጁን የነካ ሰው ኮረንቲ ይይዘዋል። ይህ ምርመራ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ይህን ሳያደርግ «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» የሚል ሰው ሲገጥምዎ ሁለተኛ ባለሙያ ቢጠሩ አይከፋም።

ይህን ሁሉ አልፎ በእርግጥ ጋዝ ጎድሎ ከተገኘ ሥራው ረጅም ነው። ቀዳዳው በሳሙና አረፋ ይፈለጋል፤ ለዚህም ቱቦው በናይትሮጅን ይነፋል። እዚህ ላይ ሕይወት የሚቀጥፍ ስህተት አለ። ለብየዳ የሚያገለግለው የኦክስጅን ሲሊንደር አጠገብ ስላለ በእሱ የሚነፋ ሰው አይጠፋም። ኮምፕረሰሩ ውስጥ ዘይት አለ፤ በግፊት የገባ ኦክስጅንና ዘይት ሲገናኙ ይፈነዳሉ። ናይትሮጅን የሌለው ባለሙያ እስኪያገኝ ይቆይ እንጂ በኦክስጅን አይሞክር።

ቀዳዳው ተበይዶ፣ ፊልተሩ ተቀይሮ፣ በቫኪዩም ፓምፕ ቱቦው ይመጠጣል። ይህ ደረጃ በችኮላ የሚዘለል ነው፤ የደንበኛው ዓይን ምንም ለውጥ አያይበትምና። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ቱቦው ውስጥ የቀረች የውሃ ጠብታ ካፒላሪው አፍ ላይ ደርሳ በረዶ ትሆናለች፣ መንገዱን ትዘጋለች። ፍሪጁ ሲጠፋ ትቀልጣለች፣ ሲነሳ ተመልሳ ትረጋለች። አንድ ቀን የሚሠራ፣ አንድ ቀን የሚያኮርፍ ፍሪጅ ካለዎት፣ ቀድሞ የጠገነው ሰው ፓምፕ እንዳልተጠቀመ መጠርጠር ይቻላል።

በመጨረሻ ጋዙ በሚዛን ይገባል። በግምት ወይም በእጅ ቅዝቃዜውን እየዳሰሱ የሚሞሉበት ልማድ ለድሮዎቹ ትልልቅ ፍሪጆች ምናልባት ያስኬድ ነበር። በአሁኖቹ አር 600ኤ ፍሪጆች ውስጥ ያለው ጋዝ ብዙ ጊዜ ከ100 ግራም በታች ነው። ከ50 ግራም ላይ በ15 ግራም መሳሳት ሲሶውን ያህል መሳሳት ነው፤ ስለዚህ ግራም የሚለካ ዲጂታል ሚዛን የግድ ነው። ትክክለኛው ልክ ፍሪጁ ጀርባ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል።

አዲስ አበባ ላይ ጌጅ የሚናገረው

የሙያው መማሪያ መጻሕፍት የተጻፉት ለባሕር ዳርቻ ከፍታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላውም ለዚህ ነው።

መጽሐፉ ቫኪዩም ሲሳብ የግፊት መለኪያው የጌጁ መርፌ ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ መድረስ አለበት ይላል። አዲስ አበባ ላይ ፓምፑ የዓለም ምርጥ ቢሆን እንኳ መርፌው 22 ወይም 23 ኢንች ላይ ይቆማል፤ ጌጁ የሚለካው በውጭው አየርና በውስጡ መካከል ያለውን ልዩነት ነውና። ይህን ያልተነገረው ጀማሪ ፓምፑ ተበላሽቷል ብሎ ይጨነቃል። የተነገረው ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመዋል፤ 22 ኢንች አየ ማለት ቱቦው ደርቋል ማለት እንዳልሆነ ያውቃል። መፍትሔው ፍጹም ግፊትን የሚለካ የማይክሮን ጌጅ ነው፤ ከ500 ማይክሮን በታች ወርዶ ፓምፑ ከተዘጋ በኋላም እዚያው ከቆየ ቱቦው ንጹሕም ደረቅም ነው። ይህ ዕቃ በሠፈር ጥገና ቤቶች ብዙ አይታይም፤ መኖር ያለበት ግን እዚህ ደጋው ላይ ነበር።

በደጋ ቀጭኑ አየር በኮንደንሰሩ ላይ ሲነፍስ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል፤ ስለዚህ ለትልልቅ ሕንፃዎች የሚታዘዝ ማሽን ከፍታው ታስቦ መመረጥ አለበት።

በደጋ የሚቀዘቅዘው ሰው አይደለም

በአዲስ አበባ ኤሲ ለቤት ብዙም አያስፈልግም፤ ማታ ጋቢ የሚያስደርብ አገር ነው። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላና ሰመራ ግን ሌላ ዓለም ናቸው፤ እዚያ ኤሲ ጠጋኝ እንደ ሐኪም ነው የሚጠበቀው። የሚገርመው ታዲያ ትልልቆቹ የማቀዝቀዣ ሥራዎች በብዛት ያሉት እዚሁ ደጋው ላይ መሆናቸው ነው። የባንክና የቴሌኮም ሰርቨር ክፍሎች ቀን ከሌት ይሞቃሉ፤ ማቀዝቀዣቸው ከቆመ በአጭር ጊዜ ውስጥ ማሽኖቹ ራሳቸውን ያጠፋሉ። በሆለታ፣ በሰበታና በባቱ ዙሪያ የሚቆረጠው ጽጌረዳ ወደ 2 እስከ 4 ዲግሪ ወርዶ፣ በቀዝቃዛ መኪና ተጭኖ፣ ቦሌ ደርሶ፣ አውሮፕላን ላይ እስኪወጣ ሙቀት እንዳያገኘው ይጠበቃል። የሞጆ ቄራዎች ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚልኩት የበግና የፍየል ሥጋም እንዲሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልኩ የሚጮኸው የዚህ ዓይነቱን ቦታ ለሚጠብቅ ቴክኒሻን ነው፤ የቆመ ቀዝቃዛ ክፍል ጧትን አይጠብቅም።

ከሁሉም በላይ ግን የክትባት ፍሪጅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣሉ። ብዙ ሰው የሚፈራው እንዳይሞቁ ነው፤ መቀዝቀዝ ግን የባሰ ሊሆን ይችላል። የፔንታቫለንት፣ የሄፓታይተስ ቢ እና የቴታነስ ክትባቶች አንዴ በረዶ ከሆኑ ኃይላቸውን ያጣሉ፤ ቀልጠው ሲታዩ ግን በጥንቃቄ ለማይመረምር ሰው ደህና ይመስላሉ። ስለዚህ «ለጥንቃቄ» ብሎ ቴርሞስታቱን ወደ ቀዝቃዛው ጥግ ያዞረ ጠጋኝ አንድ ጤና ጣቢያ ሙሉ ክትባት ሊያበላሽ ይችላል።

መብራት በማይደርስባቸው ጤና ጣቢያዎች ቀድሞ በላምባ የሚሠሩ ፍሪጆች ነበሩ። በእሳት መቀዝቀዝ እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ነገሩ ግን አሞኒያ፣ ውሃና ሃይድሮጅን ይዞ ያለ ምንም ሞተር በሙቀት ብቻ የሚዞር ዑደት ነው። የፈጠሩት ባልትዛር ቮን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የሚባሉ ሁለት የስዊድን ተማሪዎች ናቸው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922። አሁን ቦታቸውን የፀሐይ ፍሪጆች እየወሰዱ ነው። ከእነሱ መካከል ባትሪ የሌላቸው አሉ፤ ቀን በፀሐይ ኃይል በረዶ ሠርተው ያስቀምጣሉ፣ ሌሊት በበረዶው ይቀዘቅዛሉ። ባትሪ ቀድሞ የሚሞት ዕቃ በመሆኑ ለጠጋኙ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

የኤሲ ነገር ከተነሳ አንድ ቁጥር ማወቅ ይጠቅማል። ኤሲ የሚሸጠው በቢቲዩ ነው፤ 12,000 ቢቲዩ በሰዓት «አንድ ቶን» ይባላል፤ በኪሎዋት 3.5 ያህል ነው። ቶን የተባለው አንድ የአሜሪካ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት ስለሆነ ነው፤ ከፍሪጅ በፊት በረዶ ከሐይቅ እየተቆረጠ ይሸጥ ከነበረበት ዘመን የቀረ ልኬት። የኤሲ ብልሽት ብዙ ጊዜ ከቆሸሸ ፊልተር ይጀምራል። አየር ሲያጣ የውስጡ ቱቦ በረዶ ይጋግራል፤ ባለቤቱ በረዶውን አይቶ «እንዴት ይቀዘቅዛል!» ሲል ክፍሉ ይሞቃል።

ጋዙና ሰማዩ

የመጀመሪያዎቹ ፍሪጆች የሚጠቀሙባቸው አሞኒያና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ መርዛሞች ነበሩ፤ ሌሊት የተበሳ ፍሪጅ ቤተሰብ ይገድል ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻ ቶማስ ሚድግሌይ የተባለ አሜሪካዊ የማይነድ፣ የማይመርዝ ጋዝ አገኘ፤ አር 12። (ይኸው ሰው ቤንዚን ውስጥ እርሳስ የጨመረም ነው፤ ለአንድ ሰው የሚበዛ ዕዳ ነው።) በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሼርዉድ ሮውላንድ ጋዙ ወደ ላይ ወጥቶ የኦዞን ሽፋኑን እንደሚበላ አሳዩ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ አር 12 ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ። የተተካው አር 134ኤ ኦዞንን አይነካም፤ ምድርን በማሞቅ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ከአንድ ፍሪጅ 150 ግራም ወደ አየር መልቀቅ ከ210 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ መልቀቅ ነው። ስለዚህ በ2016 ኪጋሊ ላይ ሌላ ስምምነት ተደረሰ፤ እንዲህ ያሉ ጋዞችም እንዲቀነሱ።

ለጠጋኙ የዚህ ሁሉ ውጤት አንድ ነው፤ የአዲሱ ፍሪጅ ጋዝ ይነዳል። አር 600ኤ ማለት አይሶቡቴን ነው፤ ከወጥ ቤት ሲሊንደር ጋዝ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ምድርን አያሞቅም ማለት ይቻላል፤ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ በብየዳ እሳት ሲነካ ግን ፊት ያቃጥላል። ከብየዳ በፊት ጋዙን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ ቱቦውን በናይትሮጅን አጥቦ፣ መስኮት ከፍቶ መሥራት ያስፈልጋል። በአር 134ኤ ፍሪጅ ውስጥ አር 600ኤ፣ ወይም በተቃራኒው መሙላት ደግሞ «ሠርቷል» ቢባልም ጥገና አይደለም፤ ኮምፕረሰሩም ካፒላሪውም የተለኩት ለሌላ ጋዝ ነውና። የማይነዱት ጋዞችም ቢሆኑ ንጹሐን አይደሉም፤ በነበልባል ሲነኩ ሳንባ የሚያቆስል ጭስ ይሆናሉ።

ሙያው እንዴት ይገኛል

በአገር ቤት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብቶ በደረጃ ተምሮ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ማለፍ ነው። ሌላው ከጥገና ቤት በረዳትነት ጀምሮ በእጅ መማር። የኮሌጁ ልጅ ስለ ግፊትና ሙቀት ግንኙነት ያውቃል፤ ቱቦ መበየድ ግን ያስፈራዋል። የጥገና ቤቱ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ይበይዳል፤ ጋዙ ለምን በዚያ ግፊት እንደሚተን ሲጠየቅ ይደናገራል። በእኔ ግምት የዚህ አገር ምርጥ ጠጋኞች ሁለቱንም መንገድ የሄዱት ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ቢሉኝ ግን የኤሌክትሪክ ትምህርቱን አጥብቆ የያዘውን እቀጥር ነበር። ብልሽቱ ከቱቦ ይልቅ በሽቦ የሚመጣበት ጊዜ ይበዛል።

ሙያው ድንበርም ይሻገራል፤ ደንቡ ግን ይለያያል። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በዚህ ሙያ መሥራት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚገጥመው ሴክሽን 608 የሚባለው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፈተና ነው። አንድ የጋራ ክፍልና ለትናንሽ ዕቃዎች፣ ለከፍተኛ ግፊትና ለዝቅተኛ ግፊት ማሽኖች ሦስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ 25 ጥያቄ ነው። አራቱንም ያለፈ ዩኒቨርሳል የሚባለውን ፈቃድ ያገኛል፤ ጊዜውም አያልፍበትም። እዚያ ጋዝ ወደ አየር መልቀቅ በሕግ ያስቀጣል፤ በማሽን ተሰብስቦ ይወሰዳል። ከአገር ቤት ልምድ ይዞ የሄደ ሰው ይህን በቶሎ ይለምደዋል። የሚከብደው ማሞቂያው ነው። ክረምት ላይ ቤቱ የሚሞቀው በጋዝ ምድጃ ከሆነ፣ የእሳቱን ጭስ ከቤቱ አየር የሚለየው ብረት ሲሰነጠቅ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ መኝታ ቤት ይገባል፤ ሰው ተኝቶ ይቀራል። ፍሪጅ ብቻ ሲጠግን የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ኃላፊነት አልለመደም። አሁን የተስፋፋው ሂት ፓምፕ ግን አይከብደውም፤ አንድ ቫልቭ አቅጣጫውን የምትቀይርለት፣ ክረምት ላይ ከውጭ ሙቀት ሰብስቦ ወደ ቤት የሚያስገባ ኤሲ ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ሥራው ሞልቶ ይትረፈረፋል፤ ኮንደንሰሩ ያለው ግን ጣራ ላይ ነው፣ ጣራው ደግሞ በፀሐይ ይነዳል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 እንደ አውሮፓውያን ቀን፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ድረስ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ማሠራት የተከለከለው ለዚህ ነው።

ለባለቤቱ የሚጠቅም

መብራት ሄዶ ሲመጣ ፍሪጁን ወዲያው አያስነሱት፤ ከሶኬቱ ነቅለው አምስት ደቂቃ ያህል ይቆዩ። ኮምፕረሰሩ ሲቆም በአንድ በኩል ከፍተኛ፣ በሌላ በኩል ዝቅተኛ ግፊት ይኖራል፤ በካፒላሪው በኩል እስኪተካከል ጊዜ ይፈልጋል። ሳይተካከል እንዲነሳ ከተገደደ ጥቅሉ ይሞቃል። ፍሪጅ ጋርድ የሚባለው ዕቃ ይህን በራሱ ያደርጋል፤ መብራት ሲዋዥቅም ያጠፋል። ከሚቃጠለው ኮምፕረሰር ዋጋ አንጻር የሚገዛ ዕቃ ነው።

ከአሜሪካ ፍሪጅ ጭኖ ማምጣት ያሰበ ዘመድ ካለ ሳይጭን ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብብልዎ። እዚያ 120 ቮልት በ60 ኸርዝ፣ እዚህ 220 ቮልት በ50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም፤ ተራው ሞተር ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛውን ያጣል፣ ከልክ በላይም ይሞቃል። «50/60» ካልተጻፈበት በገንዘቡ እዚሁ ይግዛበት።

ፍሪጅ በጎኑ አስተኝተው ካጓጓዙ አቁመው ለጥቂት ሰዓታት ሳይሰኩ ይተዉት፤ ዘይቱ ከቱቦው ወደ ኮምፕረሰሩ ይመለስ። ከግድግዳ ትንሽ ራቅ ይበል። ኮንደንሰሩ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ፍሪጁ ከሶኬት ተነቅሎ ይጠረግ፤ ይህን ለመሥራት ባለሙያ አያስፈልግም።

ባለሙያ ሲመጣ ደግሞ ጋዝ ይጎድለዋል ካለዎት ቀዳዳው የት እንደሆነ ይጠይቁት። ሲጨርስም ደረሰኙ ላይ የጋዙን ዓይነትና የገባውን ግራም ያጽፉት፤ ቁጥሩን ከፍሪጁ ጀርባ ካለው ጋር ያስተያዩት። ወረቀቱንም ፍሪጁ ጎን ላይ ይለጥፉት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጠጋኝ ይፈልገዋል።